አሥራ ሦስት ወር ከዝንጉ ላፕቶፕ ጋር

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ላፕቶፔን ሰካኋት። ደህና ተነሣች። ከታች ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁት። 01/01/2015 ይላል።

በእኛ ካነበባችሁት መስከረም 1 ቀን 2015 ነው፤ እንቁጣጣሽ። በፈረንጆቹ ካነበባችሁት ጃንዋሪ 1 ነው፤ የእነሱ እንቁጣጣሽ። በየትኛውም ሂዱ፣ ላፕቶፔ በዓል ላይ ናት። የሥራ ቀን የሆነብኝ እኔ ብቻ ነኝ።

አንዴ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ከግንቦት 2017 ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ፣ መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር፣ ወይም መብረቅ ፈርቼ ከሶኬት ነቅያት በሄድኩ ቁጥር ያው ናት። የባሕር ዳርን የክረምት መብረቅ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምነቅል አይጠይቀኝም። ጣና ላይ ማጉረምረም ሲጀምር ሱቅ ውስጥ ያለ ሽቦ ሁሉ ይነቀላል። ጠዋት ስመለስ ላፕቶፔ ሁሉን ረስታ ትጠብቀኛለች። ፋይሎቼን አልረሳችም። ፊደሉን አልረሳችም። የረሳችው ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ብቻ ነው።

የገዛኋት መስከረም 3 ቀን 2017 ነው፤ በ22 ሺህ ብር። ያገለገለች ናት፣ ከዱባይ የመጣች። ብራንዷን አልናገርም። የሻጩንም ስም አልጠራም፤ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፣ እሑድ ጊዮርጊስ ደጅ መገናኘታችን አይቀርም። ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ፔዳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ያመጡልኝን ሁሉ እጽፋለሁ። ኪቦርዷ ጥሩ ነው። ስክሪኗም ደህና ነው። ድምጿ አይሰማም፣ እኔም ዘፈን አልከፍትባትም። ስለ ሌላው ነገሯ ይህን ያህል ይበቃል።

ወደ ሰዓቷ ልመለስ።

«ቀን መሳሳት ምን ችግር አለው? አስተካክለሽ አትሠሪም?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሰኞ ጠዋት አንድ ተማሪ በኢሜይል የተላከለትን ጽሑፍ እንዳትምለት መጣ። ለአራት ሰዓት ማስረከብ አለበት። የስልኬን ኢንተርኔት ከፈትኩ፣ ኢሜይሉን ልከፍት ስል አሻፈረኝ አለች። ገጹ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆነ፤ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። «የቀረሽው አንቺ!» አልኳት ጮክ ብዬ። ልጁ እሱን የሰደብኩት መሰለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጾች እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፍኬት አላቸው። የተሰጠበት ቀን አለው፣ የሚያልቅበት ቀን አለው። ላፕቶፔ 2015 ላይ ቆማ ስታየው ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ነው። እናንተስ ብትሆኑ፣ የተሰጠበት ቀን ገና ከአሥር ዓመት በኋላ የሚል መታወቂያ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ቢቆም ታስገባላችሁ? ዘበኛነቷስ ትክክል ነው። ችግሩ ዘበኛዋ እንቅልፍ ላይ ከርማ አሁን መንቃቷ ነው።

እሺ፣ ላስተካክል። ሰዓቱን ለማስተካከል መጀመሪያ ቦታ ይመረጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ባሕር ዳር የለም፣ አዲስ አበባም የለም። ያለው ናይሮቢ ነው። ናይሮቢን እመርጣለሁ። ከዚያ የፈረንጁን ቀን መሙላት ነው፤ ይህ ለእኔ ሥራዬ ነው፣ ቀን ስገለብጥ ነው የምውለው። ረዳቴ ግን ልጅ ናት። አንድ ቀን እኔ ሳልኖር ራሷ ልታስተካክል ብላ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት ብላ ሞላችው። በእኛ ትክክል ነው። ላፕቶፗ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብላ አመነች። ዓይን እንዳይጎዳ የምትለው ነገር አላት፣ ሌሊት ሲሆን ስክሪኗን ቢጫ ታደርጋለች። ስመጣ ፀሐይ ሱቁን ሞልታው ላፕቶፔ ግን ኩራዝ መስላ ጠበቀችኝ። ልጅቷም «እትዬ፣ ስክሪኑ ታመመ» አለችኝ።

በዚያ ሰሞን ነው ዜና ሳነብ የተናደድኩት። ማታ ማታ ስለ ሳይንስ ማንበብ እወዳለሁ፤ አይገባኝም ግን እወዳለሁ። በፈረንጆቹ 2024 አፕሪል ላይ የአሜሪካው ዋይት ሐውስ ናሳን ለጨረቃ የራሷ ሰዓት እንዲያዘጋጅላት አዟል። ምክንያቱ የስበት ኃይሏ ደካማ ስለሆነ እዚያ ያለ ሰዓት በመሬት አንድ ቀን ውስጥ 58.7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ማይክሮ ሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንግዲህ ሰው የማይኖርባት ጨረቃ ሰዓት ሊወጣላት ነው፤ እኛ ግን አሁንም ናይሮቢ ነን።

ይቅር ብዬ ሌላ ሳነብ ደግሞ ስለ ሰከንድ ስብሰባ አገኘሁ። የመሬት ዙረት ወጥ ስላልሆነ ከፈረንጆቹ 1972 ጀምሮ አልፎ አልፎ አንዲት ሰከንድ በዓለም ሰዓት ላይ ትጨመር ነበር፤ እስከ 2016 መጨረሻ 27 ሰከንድ ተጨምሯል። ይህ ጭማሪ ኮምፒውተሮችን ስላወከ በ2022 የየአገሩ ልዑካን ፈረንሳይ፣ ቬርሳይ ተሰብስበው ቢዘገይ በ2035 ጭማሪው ይቅር አሉ። ለአንዲት ሰከንድ! የእኔዋ በአንድ ሌሊት አሥር ዓመት ስትጥል ማን ተሰበሰበ?

ግን አንድ ነገር ልመስክርላት። ክፉ ብቻ አይደለችም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከአባይ ማዶ አንድ ሽማግሌ መጡ። የውሃ ቆጣሪያቸው ያለ አግባብ ይቆጥራል፤ ማመልከቻ ጻፊልኝ አሉ። ጻፍኩላቸው። ከላይ ያለውን የቀን ቦታ እሳቸው በእስክሪብቶ እንዲሞሉት ባዶ ተውኩት። መነጽራቸውን አልያዙም ነበርና ሳይሞሉት ሄዱ። እኔ የረሳሁት ሌላ ነገር ነው። የወንድሜ ልጅ ባዘጋጀልኝ ቅጽ ግርጌ ላይ የታተመበት ቀን በትንንሽ ቁጥር ራሱ ይገባል። በደህናው ጊዜ የፈረንጅ ቀን ስለሆነ ማንም አያነበውም። ያን ቀን ግን ማለዳ መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር። ግርጌው 01/01/2015 አለ።

በሳምንቱ ሽማግሌው ተመለሱ። ማር በትንሽ ጀሪካን ይዘዋል። «ምነው አባባ፣ ከፍለውኛል እኮ» አልኳቸው።

«ዝም በይ ልጄ። አንድ ቀን ነው የፈጀው። አንድ ቀን!»

እንደነገሩኝ ከሆነ ኃላፊዋ ማመልከቻውን ገለበጠችው፣ ግርጌውን አየችው፣ ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። ሠራተኞቿን ጠራች። ይህ ሰውዬ ከመስከረም 1 ቀን 2015 ጀምሮ ወረቀት ይዘው ሲመላለሱ የት ነበራችሁ አለች። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ እኔ ያን ጊዜ ሌላ ክፍል ነበርኩ አለ። አንዷ ፋይሉን አይቼው ነበር መሰለኝ አለች። ቆጣሪው በማግሥቱ ተቀየረ።

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት ነው እንዴ?»

መስከረም 1 ቀን በዓል እንደሆነ፣ በእንቁጣጣሽ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው እንደሌለ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አላሰበም። ማሩን ተቀበልኩ። ኅሊናዬን ትንሽ ከበደኝ፤ ማሩ ግን ጥሩ የጎጃም ነጭ ማር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግርጌውን አጠፋሁት። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይጠይቀኝ ነው።

ወደ ሻጩ የሄድኩት ጳጉሜን 4 ቀን ነው። ያን ሰሞን ሦስት ቀን በተከታታይ ስትዘነጋብኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ደረሰኙን አየው። በእስክሪብቶ «ዋስትና 12 ወር» ተብሎ ተጽፏል፤ የራሱ ጽሑፍ ነው።

«እህቴ፣ ከመስከረም 3 ተነሥተሽ አሥራ ሁለት ወር ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ጳጉሜን 3 ላይ አረፈ። ትናንት ማለት ነው።

«አንድ ዓመት ማለትህ መስሎኝ!»

«ዓመት አይልም፤ ወር ነው የሚለው።»

«ታዲያ ዓመት አሥራ ሁለት ወር አይደለም እንዴ?»

«አሥራ ሦስት ነው» አለኝ በትሕትና። «ኢትዮጵያ ነው ያለነው።»

«እንግዲያው ጳጉሜን ከወር አትቆጠርም፤ አምስት ቀን ናት!»

«ላንቺ አትቆጠርም፣ ለኔም አትቆጠርም። የሱቅ ኪራይ ስትከፍዪ ለጳጉሜን ትከፍያለሽ?»

አልከፍልም። ማን ይከፍላል? ለረዳቴም የጳጉሜን ደመወዝ ከፍዬላት አላውቅም። እንዲያውም እሷ እዚያው አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ነገሩ ወደዚያ እንዳይሄድ ፈርቼ ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ።

መልሱ የመጣልኝ መንገድ ላይ ነው፤ እንደ ልማዴ። ሐይቁ ዳር ደርሼ፣ አንድ ሰውዬ የደንገል ታንኳውን ፀሐይ ላይ ዘቅዝቆ ሲያደርቅ እያየሁ ቆሜ ሳለ መጣልኝ። ዕቃው የፈረንጅ ነው። ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ዋስትናው ለምን በእኛ ይቆጠራል? በፈረንጅ ቢቆጠር የገዛሁት ሴፕቴምበር 13 ነው፤ ገና አራት ቀን ነበረኝ! ልመለስ አልኩ። ግን ያ ልጅ መልስ አያጣም። «ላፕቶፗ ራሷ 2015 ነው የምትለው፤ በሷ አቆጣጠር ገና አልገዛሻትም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ትቼው ማኪያቶ ጠጣሁ።

የተፈወሰችው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። ትንሽ ሱቅ፣ ጠረጴዛው በብሎን የተሞላ። ገለበጣት፣ ጀርባዋን ፈታ። በሁለት ቀጫጭን ሽቦ የተንጠለጠለች፣ በላስቲክ የተጠቀለለች ክብ ባትሪ አወጣ። ከአንድ ብር ሳንቲም ታንሳለች። መለኪያውን ሁለት ጫፏ ላይ አደረገ። ሦስት ቮልት መሆን ያለባት 0.4 አለች።

«ይቺ ሲሞስ ባትሪ ናት፤ የሰዓቱ ባትሪ» አለኝ። «ትልቁ ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራቱም ሲሄድ፣ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ትልቁም ደክሟል፤ ሲነቀል ሌሊቱን አያድርም። እሷ ደግሞ ሞታለች። ታዲያ ማን ይቁጠር?»

ሰዓቱ ውስጥ አንዲት ኳርትዝ ክሪስታል አለች አለኝ፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። የእጅ ሰዓታችን ውስጥ ያለችውም ያችው ናት። ለምን ይህ ቁጥር ብዬ ጠየቅኩ። ለሁለት እየከፈልሽ ሂጂ አለኝ። ስልኬ ላይ ከፈልኩ፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ልክ አንድ መጣ። እንደዚያ እየተካፈለ ነው ለካ አንድ ሰከንድ የሚወጣው። እኛ ጎጃሞች በትከሻ ፍጥነት እንመካለን። ይህን ያህል እስክስታ ሌት ተቀን የምትመታ ነገር ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ቀኑን የማታውቀው ላፕቶፔ ግን ገረመችኝ። ባትሪዋ ስትሞት ጨፋሪዋም ትቆማለች፤ ሲነጋ ፋብሪካ ሲሠራት ከተሰጣት ቀን ትጀምራለች። ነገሩ ይኸው ነው።

አዲሷን ባትሪ ራሴ እንድገዛ ላከኝ። ሁለት ሱቅ አልፎ አንድ ልጅ ይሸጣል። 120 ብር። ላይዋ ላይ ሲአር 2032 ተጽፎባታል።

«እስከ መቼ ትሠራለች?» አልኩት።

«እስከ 2032። ይኸው፣ ተጽፏል።»

ከጳጉሜኑ ነገር በኋላ እኔ አልሞኝም። «በእኛ ነው በፈረንጅ?»

ልጁ ባትሪዋን አየ፣ እኔን አየ። «በሁለቱም» አለኝ።

ጠጋኙ ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። 20 ማለት ስፋቷ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር። 32 ማለት ውፍረቷ ነው፣ 3.2 ሚሊ ሜትር። ዕድሜዋ አይደለም፣ ልኳ ነው። ባትሪዋን ገጠማት፣ ሽቦዋን ሰካ፣ ዘጋት። ሰዓቷን ናይሮቢ ላይ አስተካክዬ ነቀልኳት። በማግሥቱ ጠዋት ቀኑን አልሳተችም። በሳምንቱም። ዛሬ ጥቅምት 2018 ነው፤ እሷም ኦክቶበር 2025 ትላለች። ተስማማን።

22 ሺህ ብር ያወጣሁባትን ዕቃ 120 ብር ነው ያዳናት። ይህን ሳስብ አንዳንድ ቀን ያናድደኛል። ሻጩ ከመሸጡ በፊት ጀርባዋን ፈቶ ይህችን ቢቀይር ምን ይጎድልበት ነበር? «ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ሁሉን ማየት አይቻልም» ይለኛል። ስክሪኗን እንደ መስታወት ወልውለህ፣ ኪቦርዷን በብሩሽ ጠርገህ፣ ሽቶ የመሰለ ነገር ነፍተህባት ያሳየኸኝ ሰው ባትሪዋን ለማየት ዓይንህ ታመመ? «መቼ ጠየቅሽኝ?» ይለኛል። አልጠየቅኩም። ከዚህ በኋላ ያገለገለ ኮምፒውተር የምትገዙ ግን ጠይቁ። ትልቁን ባትሪም ሰዓቱንም። ከሶኬት አስነቅሉት፣ ባትሪው እስኪያልቅ ሱቁ ውስጥ ይደር፣ በማግሥቱ ሄዳችሁ ቀኑን እዩ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

ዛሬ ግን ስሜቴ ደህና ነው፤ ትመከራለች እላለሁ። በዚያ ሰኞ ብትጠይቁኝ ኖሮ ጣና ውስጥ ጣሏት ነበር የምለው።

ስለ ቀን ካነሣሁ አይቀር፣ ፖሊ ከሚባለው የቴክኖሎጂ ግቢ አንድ ተማሪ የነገረኝን ልጨምር። ኮምፒውተሮች ቀን የሚቆጥሩት እንደ እኛ በወርና በዓመት አይደለም። ብዙዎቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው የሚደምሩት። የድሮዎቹ ቁጥሩን የሚያስቀምጡበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ 2,147,483,647 ላይ ይሞላባቸዋል። የሚሞላው በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ከዚያ አንድ ሰከንድ ስታልፍ ያልታደሱት ማሽኖች ወደ ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ይመለሳሉ። አዳዲሶቹ ቦታቸው ሰፊ ስለሆነ አያሰጋቸውም አለኝ ልጁ። እሱ ለፈተና ነው ያጠናው። እኔ ግን ቀን መገልበጥ ሥራዬ ነውና እዚያው ገለበጥኩት።

ጥር 11 ቀን 2030። ጥምቀት!

ሰዓቱንም ወደ እኛ አመጣሁት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ አድሮ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ውሃው ይባረክ ብሎ በሚጠብቅበት ንጋት። የሚመለሱበትንም ገለበጥኩ፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894። አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ለኅትመቱ አላስከፈልኩትም።

ሽማግሌው ደግሞ ትናንት መጡ። ሌላ ጉዳይ አላቸው፤ የአጥር ነገር። ገና ከደጅ ሳሉ «ልጄ፣ እንደዚያኛው አድርገሽ ጻፊልኝ። በዚያችው» አሉኝ ላፕቶፗን በከዘራቸው እያመለከቱ።

«አባባ፣ አሁን አይሆንም። ባትሪዋ ተቀየረ። ትክክለኛውን ቀን ነው የምትለው።»

ቆመው አዩኝ። ከዚያ ላፕቶፗን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ደህናዋን ኮምፒውተር አበላሻችኋት።»